ከሐይቁ በኩል የመጡት

እኔ በመንፈስ ወሬ ከሚስቁት ሰዎች ወገን ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ያውም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ጮክ ብለው ከሚስቁት። ቸርች ውስጥ እህቶች ሰብሰብ ብለው «እገሊት ቤት ኮቴ ይሰማል አሉ» ሲባባሉ፣ «ከላይ ማን ነው የሚኖረው?» ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ እኛ በምንኖርበት በቪከሪ ሜዶ አፓርታማ ደግሞ ከላይ ሁልጊዜ ሰው አለ፣ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የማታ ሺፍት ነው የሚሠራው። በጌታ አምናለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን በሚዛን ካልመዘንኩት፣ በማይክሮስኮፕ ካላየሁት ወሬ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ ልብሽ ድንጋይ ነው» ስትለኝ «ሥራዬም ድንጋይ ነው፣ አልተሳሳትሽም» እላት ነበር። ሶ፣ አሁን የምነግራችሁን ነገር ከእናንተ በፊት እኔ ራሴ ስቄበታለሁ፣ ፈትሼዋለሁ፣ ገልብጬ አይቼዋለሁ፣ እመኑኝ፣ የቀረ ቀዳዳ የለም።

ሥራዬን በአጭሩ ላስረዳችሁ፣ ያለዚያ ነገሩ ውሉ አይያዝም። ጂኦሎጂስት ነኝ፣ እዚሁ ዳላስ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ፣ እኛ ላብ በምንለው ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሥራዬም በጥንት ዘመን የፈነዳ እሳተ ገሞራ እንዴት እንደፈነዳ፣ ከጣለው አመድ ተነሥቶ መልሶ ማወቅ ነው። ተራራ ሲፈነዳ አመድና ፑሚስ ወደ ሰማይ ይረጫል፣ ፑሚስ ማለት ያቺ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነች፣ ተረከዝ የምንፈገፍግባት፣ ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ናት። ትልልቁ እዚያው ተራራው ሥር ይወርዳል፣ ደቃቁን ንፋስ ይዞት ይሄዳል። በተራራው ዙሪያ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የአመዱን ውፍረት ብትለኩ፣ ፍሬውን በወንፊት ነፍታችሁ ትልቁን ከትንሹ ብትለዩ፣ ጭሱ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደወጣ፣ ንፋሱ በየት በኩል እንደነፈሰ፣ ተራራው የት ላይ ዝም ብሎ የት ላይ እንደገና እንደተነሣ፣ ወንበራችሁ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ጎበዝም ነኝ፣ ለትሕትና ብዬ አልዋሽም።

ያን ጊዜ እጄ ላይ የነበረው አገር ቤት፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአንድ ሐይቅ አጠገብ ያለ ተራራ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ሰው የሚኖርበት ቦታ ስለሆነ በእኔ ወሬ እንዲረበሽ አልፈልግም። ተራራው ሥር ያሉ መንደሮችን ጎርፍ በየክረምቱ ያስቸግራቸዋል፣ ስለዚህ ነዋሪዎቹን ወደ ሐይቁ ዳር፣ ለጥ ወዳለው ሜዳ ለማዛወር ታስቦ ነበር፣ ትምህርት ቤት ይሠራላቸዋል፣ ጤና ጣቢያ ይሠራላቸዋል፣ ውሃውም ቅርብ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዝውውሩን የያዙት ሰዎች እኛን ጠየቁን፣ ይሄ ተራራ ያኔ ሲፈነዳ አመዱ በየት በኩል ወረደ፣ ነገ ቢነሣስ የትኛው ወገን ይተርፋል? እኔም ካርታውን ሠራሁ። አመዱ በሙሉ ወደ ምዕራብ ነው የሄደው፣ የሐይቁ ወገን ንጹሕ ነው። ሐይቁ ዳር የቆፈርናቸው ጉድጓዶች ጥቂት ነበሩ፣ ጥልቀትም አልነበራቸውም፣ ከጥቁር አፈር በቀር ምንም አልወጣባቸውም፣ ንፋሱም፣ ፍሬውም፣ ስሌቱም አንድ ላይ ይገጥሙ ነበር። ሪፖርቱ ሰኞ ሊላክ ቅዳሜ የመጨረሻ ቁጥሮቹን ለማጥራት ላብ ገባሁ።

እዚህ ላይ ጋሽ ከማልን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ከማል የወሎ ሰው ናቸው፣ ከእኛ አፓርታማ ሁለት በር አለፍ ብለው ይኖራሉ፣ ሥራቸው ሰው ከኤርፖርት ማመላለስ ነው፣ ቀልደኛ ናቸው፣ ሶላታቸውን አያስታጉሉም፣ መንገድ ላይ ሰው ዕቃ ተሸክሞ ካዩ መኪና አቁመው የሚወርዱ ዓይነት ሰው ናቸው። የዚያን ሳምንት መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች ያመላልሱኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከአገር ቤት የመጡት የድንጋይ ሣጥኖች የደረሱ ጊዜም በኋላ በር ያስገቡልኝ እሳቸው ስለሆኑ የበሩን ኮድ ያውቁታል፣ አዎ፣ አይፈቀድም፣ አውቃለሁ።

ቀኑ ነሐሴ ነው፣ የዳላስ ነሐሴ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የመኪና መሪ የሚያቃጥልበት፣ ከዘነበ ሳምንታት ያለፉበት። ምሳዬን በልቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሕንፃው ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፣ ላቡ ያለው ምድር ቤት ነው፣ ከላዬ ሁለት ፎቅ አለ፣ ይህችን ያዙልኝ። ክብደታቸውን ለመለካት ፑሚሶቹን ሰፊ ገንዳ ውስጥ ውሃ ላይ ለቅቄያቸዋለሁ፣ ፑሚስ ውሃ ሲገባበት አየሩ ይወጣና ችስስ፣ ችስስ ይላል፣ ጆሮ ሲለምደው ደስ ይላል፣ እኔም በልቤ መዝሙር እያንጎራጎርኩ እሠራለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ከጣሪያው ነው። ጠ… ጠ… ጠጠጠ፣ ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ እንደሚለው፣ መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ ጠንከር ብሎ። ቀና አልኩ። በመስኮት አየሁ፣ ፀሐይ ነው። ኦኬ፣ ኤሲው ነው፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ብዬ አሰብኩ፣ ቱቦው ውስጥ አንድ ነገር ላልቶ ይሆናል፣ ሰኞ አሳውቃለሁ። ኤሲው በዚያው ቅጽበት ራሱን አጠፋ፣ ድምፁ ግን ቀጠለ። እንዲያውም ያኔ ነው ጥርት ብሎ የተሰማኝ፣ ቀላል ድንጋይ ነው፣ ሲወርድ አይከብድም፣ ይንጠባጠባል። ከላዬ ያለው ግን ቆርቆሮ አይደለም፣ ሁለት ፎቅ ኮንክሪት ነው።

አልፈራሁም። እውነቴን ነው፣ አልፈራሁም፣ ገረመኝ እንጂ። ቧንቧ ይሆናል አልኩና ወደ ገንዳው ዞርኩ፣ ፑሚሶቹ በሙሉ አንድ ጠርዝ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። በማንኪያ በተንኳቸው፣ ተመልሰው ሄዱ። ጠረጴዛው ዘንበል ያለ እንደሆነ ብዬ ውሃ ልኩን አስቀመጥኩበት፣ ቀጥ ያለ ነው። ይሄኔ ብርሃኑ ደብዘዝ አለ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ቡናማ ሆነ፣ ሻይ ውስጥ እንደሚታይ ብርሃን፣ እኔም «አቧራው መጣ» አልኩ፣ በጋ ላይ የሰሐራ አቧራ ውቅያኖስ አቋርጦ ቴክሳስ ድረስ ይመጣል፣ ሰማዩን ያደበዝዘዋል፣ የታወቀ ነገር ነው። ክብሪት ተጭሮ ሲጠፋ የሚሸተውም ሽታ መጣ፣ ለዚህም ምክንያት ፈልጌ አላጣሁም፣ ላብ ውስጥ የማይሸት ነገር የለም። አያችሁ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መልስ ነበረኝ፣ ጥሩ ጥሩ መልስ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ብቻ ነው ደስ ያላለኝ።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የሰው ሳል ተሰማኝ።

ደረቅ ሳል ነው፣ ጉሮሮ ላይ የያዘ ነገር ሲኖር ሰው እንደሚስለው። ተማሪ መጥቶ ይሆናል አልኩ። ሌላ ሰው ሳለ፣ ሴት ነች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ኮቴ፣ የጫማ ኮቴ ግን አይደለም፣ ጠጠር ላይ ሲሄዱ እንደሚለው ቸር፣ ቸር፣ ቸር የሚል፣ ብዙ እግር ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ወደ ኋላ በር። የእኛ ኮሪደር የሚያንሸራትት ነጭ ንጣፍ ነው። ጓንቴን አወለቅሁ፣ ሄጄ በሩን ከፈትኩት።

ማንም የለም። መብራቱ በርቷል፣ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ሳሉም ኮቴውም ቀጥ አለ። ዝምታው ግን ባዶ ቤት ውስጥ ያለ ዝምታ አልነበረም፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ብዙ ሰው የሚያወራበት ክፍል ስትገቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም የሚለው ዓይነት ነበር። «ሄሎ?» አልኩ። ከዚያ በአማርኛ «ማነው?» አልኩ፣ ለምን በአማርኛ እንዳልኩ አላውቅም። በሩን ዘግቼ ተመለስኩ፣ ቁጥሮቼን ሴቭ አደረግሁ፣ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ፣ ፈርቼ ሳይሆን ደክሞኛል ብዬ፣ የደከመ ጆሮ ብዙ ነገር ይሰማል።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ፣ ጋሽ ከማል ናቸው።

«ማርታ፣ በኋላ በኩል ፓርክ አድርጌያለሁ፣ ጨረስሽ?»

«መጣሁ ጋሽ ከማል።»

ስወጣ ውጭው እሳት ነው፣ ፀሐዩም እንደ ወትሮው ቦግ ያለ ነው፣ አቧራ የሚባል ነገር ሰማዩ ላይ የለም። ጋሽ ከማል መኪናው ውስጥ መሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል፣ እሳቸውን እንዲህ አይቻቸው አላውቅም። ገብቼ በሩን ሳልዘጋ ጀመሩኝ።

«እኔ የምልሽ፣ እናንተ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛ ውሃ አይሰጥም እንዴ?»

«የምን ሠራተኛ?»

«እነዚህ አሁን የወጡት ናቸዋ! ኧረ በአላህ፣ ሰው እንዲህ ይሠራል? ከራሳቸው እስከ እግራቸው አቧራ፣ ሽበት ይሁን ዱቄት የማይለይ። ሽማግሌ አለ፣ ሴቶች አሉ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ዕቃ የተሸከሙ አሉ። በበሩ መስታወት አየኋቸው፣ ከውስጥ በሩ ሥር ተኮልኩለው ቆመዋል፣ መክፈቻው የት እንደሆነ ያወቀ የለም። ግፉት ብዬ በእጄ ባሳይ ዝም ብለው ያዩኛል። ኋላ ያንቺን ኮድ መታሁና ከፍቼ ያዝኩላቸው።»

«ጋሽ ከማል፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።»

«አንቺ ድንጋይሽ ላይ አቀርቅረሽ ምኑን ታይዋለሽ? በዚህ በኩል ነው የወጡት፣ በአጠገቤ። የአገር ቤት ሰው መሰሉኝ፣ ‹ኢትዮጵያውያን ናችሁ?› አልኳቸው፣ አንዱም አልመለሰልኝ። እርስ በርሳቸው የሚናገሩት አማርኛም አይደለም፣ ኦሮምኛም አይደለም፣ ለጆሮ ግን ባዳ አይደለም። ውሃ ብሰጣቸው የሚቀበል የለም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ደፏን ስትሻገር ክንዴን ይዛ ተደገፈች፣ ወላሂ፣ እጇ ትኩስ ነው።» ቀኝ ክንዳቸውን ወደ እኔ አዞሩት። የለበሱት ጥቁር ሸሚዝ ነው፣ ከክርናቸው ከፍ ብሎ የአራት ጣት ምልክት አለ፣ ግራጫ ነው፣ ደቃቅ።

ያየሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ ዓይኔ። ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ቦርሳዬን ከፈትኩና ለማይክሮስኮፕ ናሙና የምንይዝበትን ጥቁር ማጣበቂያ አወጣሁ፣ ሥራዬ ነውና ሁሌም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ምልክቱ ላይ ለጥፌ አነሣሁት፣ የናሙና መያዣ ሣጥኑ ውስጥ አስገብቼ ዘጋሁት። ጋሽ ከማል «ምን እያደረግሽ ነው?» ሲሉኝ «ምንም፣ አቧራ ነው» አልኳቸው።

ወደ ቤት ተነሣን። ሌክ ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር ጋ ስንደርስ ጋሽ ከማል እንደገና ተናገሩ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ያልገባኝ ግን ጭቃው ነው።»

«የምን ጭቃ?»

«እግራቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር፣ እርጥብ፣ ጥቁር ጭቃ። ዝናብ ከየት አምጥተው ነው? ፓርኪንጉን አቋርጠው ሲሄዱ ዱካቸውን ላይ ብዬ ባየው አስፋልቱ ደረቅ ነው።»

ሰኞ የሕንፃው ኃላፊ ኮል አደረገልኝ፣ ቅዳሜ የኋላው በር በኔ ኮድ ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ ሳይዘጋ ቆይቷል፣ ኤሲው በከንቱ ነው የሚሄደው ብሎ ተቆጣ። ይቅርታ ጠይቄው ካሜራውን ማየት እችላለሁ ወይ አልኩት፣ አሳየኝ። ጋሽ ከማል አሉ። ኮዱን ይመታሉ፣ በሩን ከፍተው በጀርባቸው ይደግፉታል። ከዚያ ቆመው አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ የታሸገ ውሃ ይዘረጋሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ይናገራሉ፣ ፊት ለፊታቸው ግን አየር ነው። ኃላፊው «ወዳጅሽ ደህና ነው?» አለኝ። እኔ የማየው ክንዳቸውን ነበር። የሆነ ቅጽበት ላይ የቀኝ ክንዳቸው ሸሚዝ ጭብጥ ይላል፣ አንድ ነገር እንደያዘው፣ ትከሻቸውም ክብደት እንደተጫነው ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይለቃል። ኃላፊው አላየውም፣ እኔም አላሳየሁትም።

አሁን ወደማውቀው ነገር ልግባ። የየቤቱ በርበሬ እንደሚለያይ ሁሉ የየፍንዳታውም አመድ ቅመሙ ለየብቻ ነው፣ ውስጡ ያለውን ደቃቅ መስተዋት በመሣሪያ ብትለኩት የየትኛው ተራራ፣ የየትኛው ፍንዳታ እንደሆነ ይናገራል። ከጋሽ ከማል ክንድ ያነሣሁትን ለካሁት። የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ ትኩስ የተሰበረ፣ ጠርዙ ምላጭ የሆነ። ከእኔ ልብስ ነው የተላለፈባቸው አልኩ፣ ግን ምልክቱ ክንዳቸው ላይ ሲያርፍ እኔ ገና ሕንፃው ውስጥ ነበርኩ፣ ቢሆንም ይሁን ብዬ ካለኝ ናሙና ሁሉ ጋር አመሳከርኩት። የዚያው ተራራ ዘር ነው፣ ካሉኝ የአመድ ንጣፎች ግን አንዱንም አይመስልም፣ ወንድማቸው ነው እንጂ እነሱ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥም የጥንት አመድ አለ፣ ሲሚንቶ ውስጥም ይገባል፣ እነሱንም አየኋቸው፣ አይገጥምም። ሶ፣ ላቤ ውስጥ ካለ ከየትኛውም ሣጥን ሊመጣ የማይችል አመድ ነው እጄ ላይ ያለው።

ያኔ ነው ጭቃው ትዝ ያለኝ። አመድ የለበሰ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰው የት ነበር? ውሃ ዳር ነበር። የእኔ ካርታ ደግሞ ሐይቁ ዳር አመድ የሚባል አልደረሰም ይላል።

አለቃዬ ሸምገል ያለ የቴክሳስ ተወላጅ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ቢሮው ገብቼ «ሪፖርቱን አልልክም» ስለው መነጽሩን አወለቀ።

«ምን አገኘሽ?»

«ሐይቁ ዳር እንደገና መቆፈር አለበት። ጠለቅ ተደርጎ።»

«ስሌትሽ ስህተት አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ለምን?»

ምን ልበለው? «ጉድጓዶቹ ጥልቀት የላቸውም፣ ፊርማዬን አላኖርበትም» አልኩት። እውነት ነው፣ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። «አንቺ እንዲህ ብለሽ አታውቂም» አለና ተስማማ። ስከራከር ድምፄ እንደ ወትሮው የእርግጠኛ ሰው ድምፅ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ዮናስ ሰዎች ይዞ ወረደ፣ ትምህርት ቤቱ ሊሠራበት የታሰበው ሜዳ ላይ። ጥቁር አፈሩን አለፉት፣ ከሥሩ የሐይቅ ደለል አገኙ፣ ድሮ ውሃው እዚያ ድረስ ይደርስ ነበር ማለት ነው፣ ቆፋሪዎቹ «ምንም የለም፣ ይብቃን» ሲሉ ዮናስ በእኔ ልመና ቀጠለ። ከሰው ቁመት በታች ሲወርዱ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለልኝ።

«ማርታ፣ ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ።»

«ተናገር።»

«አለ። ወፍራም ነው። ትልቅ ትንሹ፣ አመዱም ፑሚሱም አንድ ላይ ተቦክቶ ነው ያለው። ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ በምድር የሮጠ ነው።»

ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ንፋሱ አመዱን ወደ ምዕራብ ሲወስድ፣ ተራራው በሌላው ጎኑ የጋለ ደመና ለቅቋል፣ ደመናው መሬት ለመሬት ወርዶ ሐይቁ ድረስ ሄዷል፣ ለሱ ንፋስ ምኑም አይደለም። ካርታዬ ላይ ንጹሕ ያልኩት ወገን ከሁሉ የባሰው ነበር።

«ሌላ ነገር አለ?» አልኩት።

«ከነጩ ሥር ያለው ጭቃ የተረገጠ ይመስላል። ብዙ እግር ያቦካው። ከብት ይሁን ሰው አይታወቅም፣ ፎቶ እልክልሻለሁ።»

ናሙናው ወራት ቆይቶ ዳላስ ሲደርስ በገዛ እጄ ለካሁት። ከጋሽ ከማል ሸሚዝ ላይ ካነሣሁት ጋር አንድ ነው። ይመስላል አላልኩም፣ አንድ ነው። ካርታው ተለወጠ፣ መንደሮቹ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ከፍታ እንዲሄዱ ተወሰነ፣ ትምህርት ቤቱም እዚያ ተጀመረ፣ ዮናስ መሠረቱ ሲወጣ ፎቶ ልኮልኛል። ሪፖርቱ ላይ «በተጨማሪ ቁፋሮ በተገኘ መረጃ» ይላል፣ ውሸት የለበትም። ቁፋሮው ለምን እንደተጨመረ ግን የትም አልተጻፈም፣ ላቤ ውስጥም ያቺን ትንሽ ጥቁር ማጣበቂያ ምንም ስም ሳልሰጣት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔም ደስ ባለኝ፣ ለመልካም ሆነ ብዬ እተወው ነበር። ባለፈው ግን ጋሽ ከማል ግራንድ ፕሬሪ የሚባለው ከተማ ካለ መጋዘን የሚያነሡት ዕቃ ነበራቸው፣ አብሬያቸው ሄድኩ፣ ስንመለስ ሃይዌይ ላይ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ» አሉኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ያን ለት ሁሉም አልወጡም።»

ራዲዮውን ዘጋሁት።

«አንድ ሰውዬ ኋላ ቀርቶ ነበር። ደረቱ ላይ የታቀፈው ነገር አለ፣ ሕፃን ይሁን ጥቅልል አልለየሁትም፣ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ ያነክሳል። በሩን ይዤ እየጠበቅሁት ስልኬ ጠራ፣ የኤርፖርት ደንበኛዬ ናት፣ ላነሣው ዘወር ስል በሩ ከጀርባዬ አምልጦ ግጭ አለ። ዞሬ በመስታወቱ ባይ የለም። ኮዱን ልመታ ብል፣ ያን ከአፌ የማይጠፋውን ኮድ፣ አንዱንም ቁጥር አጣሁት። ከዚያ ነው ላንቺ የደወልኩልሽ።»

«እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አሉ። «ሰው ውስጥ ዘግቼ ወጣሁ ልበልሽ?»

ካሜራውን እንደገና ለማየት ጠየቅሁ፣ እኔ ያን ሰኞ ያየሁት በሩ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ነበር። የቆየው ይጠፋል፣ የለም አሉኝ። እኔ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ላብ እገባለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ድምፅ ሰምቼም አላውቅም፣ ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለም፣ እመኑኝ።

አንድ ነገር ብቻ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ፣ እሱም ጋሽ ከማል ያን ከነገሩኝ በኋላ ትዝ ያለኝ ነው። ያን ቅዳሜ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ኋላ በር ስሄድ፣ ኮሪደሩ መሀል ላይ ሳላስበው ዘወር ብዬ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቻለሁ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ዕቃ የያዘ ሰው ሲያጋጥመን እንደምናደርገው፣ ትንሽም ቆሜያለሁ፣ ከዚያ መንገዴን ቀጠልኩ። ኮሪደሩ ሰፊ ነው። ብርሃን ነበር። ማንም አልነበረም፣ በዚህ እምላለሁ።

ታዲያ ለማን ነው መንገድ የለቀቅሁት?